ምዕራፍ ሦስት፦ አምስት ቀን ተኩል

በሶርያ ምድር አንድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ነበር፤ ስሙ አልተጻፈም። ይህ ሰው ጌታ ሊመጣ ነው ብሎ አመነ፤ ምእመናኑንም ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው አስከትሎ ክርስቶስን ሊቀበል ወደ በረሃ ወጣ። የጠበቁት አልመጣም። ሕዝቡ በተራራና በምድረ በዳ ሲንከራተት ወሬው ለአገረ ገዥው ደረሰ። ገዥው ሽፍቶች መስለውት ፈረሰኛ ሊያዘምትባቸው ጥቂት ነበር የቀረው። ያተረፈቻቸው ሚስቱ ናት። እሷ አማኝ ስለነበረች፣ በእነዚህ ሰዎች ሰበብ በክርስቲያኖች ሁሉ ላይ ስደት እንዳይነሣ ፈርታ ባሏን ለምና ቁጣውን አበረደችው።

በጥቁር ባሕር ዳርቻ በጳንጦስ ደግሞ ሌላ አለቃ ነበር። እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ነገር ግን መጽሐፍን ከመመርመር ይልቅ ያየውን ሕልም ያምን ነበር። አንድ ሕልም አየ፣ ሁለተኛ አየ፣ ሦስተኛ አየ። ከዚያም ለወንድሞቹ «ፍርዱ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሆናል» ብሎ ነገራቸው። ያልኩት ካልሆነ መጽሐፍንም አትመኑ እስከማለት ደረሰ። ሕዝቡ ሌት ተቀን በእንባ ጸለየ። እርሻው ጦም አደረ፤ ከብቱ ተሸጠ። ዓመቱ ሲሞላ አለቃው አፈረ፤ ምእመናኑም መሰናከል ደረሰባቸው። ደናግሉ አገቡ፤ ወንዶቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ፤ ያላቸውን ሸጠው የጨረሱት ግን ለልመና ወጡ።

ሁለቱን ታሪኮች ያቆየልን ሒፖሊጦስ ነው፤ የእኛ ሊቃውንት አቡሊዲስ ይሉታል። የጻፋቸው በትንቢተ ዳንኤል ትርጓሜው ውስጥ ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 204 አካባቢ ነው (በዚህ ምዕራፍ የእኛ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ የአውሮፓውያን ናቸው)። ሙሉ ሆነው ወደ እኛ ከደረሱት የክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜዎች ይህ ቀደምቱ ነው። ስለ ፍጻሜ ዘመን የተጻፈውን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ደጋግሜ የምመለስበት ይኸው መጽሐፍ ነው። ሒፖሊጦስ በእነዚህ ሰዎች አይሳለቅባቸውም። እንደ እረኛ ያዝንላቸዋል፤ ቀጥሎም ከሥቃያቸው የሚያሳርፋቸውን ነገር ፍለጋ መጽሐፉን ይገልጣል።

ጊዜው ጭንቅ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ በሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ዘመን፣ በ202 ዓ.ም. ግድም፣ በአሌክሳንድርያና በሰሜን አፍሪካ ክርስቲያኖች ይገደሉ ነበር። በዚያው ወቅት ይሁዳ የሚባል ጸሐፊ በዳንኤል ምዕራፍ ዘጠኝ ያሉትን ሰባ ሱባዔዎች እየተረጎመ የዘመን ቆጠራውን እስከ ሴቬረስ ዐሥረኛ ዓመት አደረሰ፤ ሐሳዊ መሲሕም በደጅ ነው አለ። ይህን የነገረን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ምክንያቱንም አክሎ ጽፏል፦ ስደቱ የብዙዎችን ልብ አናውጦ ነበር። መከራ ውስጥ ያለ ሰው ትንቢትን ሲያነብ የራሱን ዓመት ነው የሚያገኘው። በተሰሎንቄ የነበሩትም በ50 ዓ.ም. አካባቢ ጳውሎስን የጠየቁት ከሐዘን ተነሥተው ነው። ጌታ ሳይመጣ የሞቱባቸው ወገኖቻቸው ምን ይሆናሉ የሚል ጭንቀት ነበረባቸው።

ሒፖሊጦስ ለዚህ ፍርሃት መልስ ያደረገው ቁጥርን ነው።

ነቢዩ ሙሴ የሠራው ታቦት ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ቁመቱም አንድ ክንድ ተኩል ነበር። ሲደመር አምስት ክንድ ተኩል ይሆናል። ታቦቱ ከማይነቅዝ እንጨት ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠ ነውና ለሒፖሊጦስ የክርስቶስ ሥጋ ምሳሌ ነው። እንግዲህ ጌታ ከአዳም በኋላ በአምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ተወለደ አለ። ሁለተኛ ማስረጃውን ከዮሐንስ ወንጌል አመጣ። ጌታ ለፍርድ በጲላጦስ ፊት የቆመው ስድስት ሰዓት ግድም ነበር፤ ስድስት ሰዓት የቀኑ እኩሌታ ነው። በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ከሆነ እኩሌታው አምስት መቶ ነው። አምስት ቀን አልፎ ስድስተኛው ሲጋመስ ጌታ መጣ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ መዳረሻ ቀላል የመቀነስ ስሌት ነው። ዓለም በስድስት ቀን ተፈጥሮ በሰባተኛው ዕረፍት ከሆነ ታሪኩም ስድስት ሺህ ዓመት ይሞላል። ጌታ በ5500 ከተወለደ ከልደቱ እስከ ስድስተኛው ሺህ ማብቂያ 500 ዓመት ይቀራል፤ ከዚያ ውስጥ በሒፖሊጦስ ዘመን ያለፈው ሁለት መቶ ግድም ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ሦስት መቶ ዓመት አለና እርሻህን እረስ፣ ከብትህን አትሽጥ፣ ልጆችህን ይዘህ በረሃ አትውጣ። ሐዋርያት ራሳቸው ስለ ቀኑ ጠይቀው እንዳልተነገራቸው ሒፖሊጦስ በሚገባ ያውቃል፤ ቁጥሩንም የሚናገረው እየከበደው ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኋላ ብዙዎችን ያስፈራው ይህ ቆጠራ ሲጀመር የተነገረው ለማረጋጋት ነው።

ስድስቱን ሺህ የፈለሰፈው እሱ አይደለም። የበርናባስ መልእክት በሚባለው በጥንቱ ጽሑፍ ምዕራፍ ዐሥራ አምስት ላይ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት ስድስት ሺህ ዓመት ተብለው ተተርጉመዋል። የሐሳቡ ሥር መዝሙረ ዳዊት ነው፤ የሐዋርያው ጴጥሮስ ሁለተኛ መልእክትም ይዞታል። ሰባተኛው ሺህ በምድር ላይ የሚሆን የዕረፍት መንግሥት ነው የሚለው እምነት በታናሽ እስያ ጠንካራ ነበር። የኢያራጶሊሱ ጳጳስ ፓፒያስ በዚያ መንግሥት እያንዳንዱ የወይን ግንድ ዐሥር ሺህ ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍም ዐሥር ሺህ እንደሚያፈራ ከሽማግሌዎች የሰማውን አስተላልፏል። አውሳብዮስ በዚህ የተነሣ ፓፒያስን አእምሮው ጠባብ ነው ብሎ ነቅፎታል። እኔ ግን ድርቅና ቀራጭ ሲፈራረቅበት ለኖረ ገበሬ የሞላ ወይን መልካም ተስፋ እንደነበር ማሰብ አይከብደኝም።

ዮስጢኖስ ሰማዕትም ይህንኑ ያምን ነበር። ከአይሁዳዊው ትሪፎን ጋር ያደረገውን ክርክር በጻፈበት መጽሐፉ፣ ኢየሩሳሌም ታንጻ ቅዱሳን በእሷ ሺህ ዓመት እንደሚኖሩ ይናገራል። እዚያው ላይ ግን ሌላም ነገር ጨምሯል፦ ንጹሕ እምነትና መልካም ግብር ያላቸው ብዙ ክርስቲያኖች እንደዚህ አያስቡም ይላል። በሁለተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ለእምነቱ አንገቱን የሰጠ ሰው፣ በዚህ ጉዳይ የማይስማሙትን ወንድሞቹን ከመናፍቅ አልቆጠረም። የጥንት ክርስቲያኖች ስለ ፍጻሜው አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ይህን የዮስጢኖስን ገጽ አሳዩት።

ከሁሉ በላይ የጥንቃቄ አርአያ የሚሆነኝ የልዮኑ ሄሬኔዎስ ነው። ሄሬኔዎስ በልጅነቱ ፖሊካርፖስን ሰምቷል፤ ፖሊካርፖስም ከዮሐንስ ተምሯል። እንግዲህ ስለ ራእየ ዮሐንስ ከእሱ ይልቅ ቅርብ ነኝ ሊል የሚችል ብዙ ሰው አልነበረም። በ180 አካባቢ መናፍቃንን በመቃወም በጻፈው መጽሐፍ አምስተኛ ክፍል ላይ ወደ አውሬው ቁጥር ደረሰ። በግሪክኛ እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ ስላለው ስሞችን ደምሮ 666 የሚሆኑትን ፈለገ፤ ኤዋንታስ፣ ላቴይኖስ፣ ቴይታን የሚባሉ ሦስት ስሞችም አገኘ። ላቴይኖስ የሮማን መንግሥት የሚያመለክት ስለሆነ አሳማኝ ነበር፤ ቴይታን ይበልጥ ይስማማል አለ። ከዚያ ግን ብዕሩን ገታ። ስሙ በዚህ ዘመን መታወቅ ቢያስፈልግ ኖሮ ራእዩን ያየው ራሱ ይነግረን ነበር አለ፤ ትንቢቱ እስኪፈጸም መጠበቅ ስም ከመገመት ይሻላልና በአንዱም ላይ አልፈርድም ብሎ ተወው። በአንዳንድ ቅጂዎች ላይ 616 የሚል እንዳለም ያውቅ ነበር፤ የገልባጮች ስሕተት ነው ብሎ አስረድቷል። በግብፅ በኦክሲሪንኩስ ከተቆፈሩት ፓፒረሶች አንዱ እስከ ዛሬ 616 ይነበብበታል። የባርኮድን መስመር፣ የስልክ ቁጥርን፣ የአንድን መሪ ስም እየደመሩ በየስብከቱ ሲያውጁ ስሰማ የማስበው ይህን ሰው ነው። የሐዋርያው ደቀ መዝሙር ደቀ መዝሙር ያልደፈረውን እኛ በምን ደፈርን?

ሮማ ራሷ ለትርጓሜው እንቆቅልሽ ነበረች። ሒፖሊጦስም ሆነ ሄሬኔዎስ የዳንኤልን አራተኛ አውሬ ሮማ ናት ብለዋል። በካርታጎ የነበረው ጠርጡሊያኖስ ደግሞ በ197 ገደማ ለገዥዎች በጻፈው መከላከያ ክርስቲያኖች ለንጉሠ ነገሥቱ የሚጸልዩበትን ምክንያት ሲያስረዳ የሮማ መንግሥት መቆም የዓለምን ፍጻሜ ያዘገያል አለ። ክርስቲያኖች ያ የመጨረሻው መከራ እንዲዘገይ ይለምኑ ነበር። የምታሳድዳቸው ሮማ ያው የምትከልላቸው ግድግዳ ሆና ታየቻቸው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በሁለተኛው መልእክት ስለሚያግደው ኃይል የጻፈውን ያነበቡት እንዲህ ነው።

በፍርግያ የተነሣው የሞንታኖስ ወገን ግን መዘግየትን አልፈለገም። ሞንታኖስና ሁለቱ ነቢያት ሴቶች፣ ጵርስቅላና ማክሲሚላ፣ ሰማያዊቱ ኢየሩሳሌም በፔፑዛ ትወርዳለች ብለው ሕዝብ ሰበሰቡ። ማክሲሚላ ከእሷ በኋላ ነቢይ እንደማይኖር፣ ፍጻሜው ብቻ እንደሚቀር ተናገረች፤ ጦርነትና ሁከትም ይሆናል አለች። እሷ ከሞተች ከዐሥራ ሦስት ዓመት በላይ አልፎ አንድ ጸሐፊ የተባለው ጦርነት የት አለ ሲል ጠየቀ፤ እስከዚያች ቀን ለክርስቲያኖች እንኳ ሰላም ሆኖ ቆይቷል።

ይሁንና በዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የምወደው ስፍራ በግብፅ ያለችው የአርሲኖኤ አውራጃ ናት፤ የዛሬዋ ፋዩም። ኔጶስ የሚባል ጳጳስ ነበራት። ራእየ ዮሐንስን በምሥጢር ብቻ የሚተረጉሙትን በመቃወም መጽሐፍ ጽፎ፣ ሺሁ ዓመት በምድር ላይ የሚሆን እውነተኛ መንግሥት ነው ብሎ አስተማረ። ከሞተ በኋላ መጽሐፉ መንደር ለመንደር ዞረ፤ ቤተ ክርስቲያኖች በሙሉ ተከፋፈሉ። የአሌክሳንድርያው ጳጳስ ዲዮናስዮስ ሥልጣን ስለነበረው ከመንበሩ ሆኖ ማውገዝ ይችል ነበር፤ እሱ ግን እዚያው ወረደ። የየመንደሩን ቀሳውስትና መምህራን ሰበሰበ፤ የኔጶስን መጽሐፍ መካከል አስቀምጠው፣ ምእመናኑ እየሰሙ፣ ሦስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ተነጋገሩ።

ዲዮናስዮስ በኋላ ስለዚያ ጉባኤ ሲጽፍ ያመሰገነው ማሸነፉን አይደለም። ያመሰገነው ጥያቄያቸውን በሥርዓት ማቅረባቸውን፣ አንድ ጊዜ የያዙትን ሐሳብ ስሕተት መሆኑ ከታየ በኋላ በግትርነት አለመሟገታቸውን፣ ሐሳብ መቀየርን አለማፈራቸውን ነው። ስለ ሟቹ ኔጶስም ሲናገር እምነቱንና ትጋቱን፣ ብዙዎች የሚጽናኑበትን ዝማሬውን አስቀድሞ አክብሮ ነው። የዚያ ወገን መሪ የነበረው ቆራቅዮን በጉባኤው ፊት ቆሞ ከእንግዲህ ይህን አላስተምርም ብሎ መሰከረ። ስለ ፍጻሜ ዘመን ተጣልቶ ተለያይቶ የቀረውን ጉባኤ እያሰብኩ፣ ያ ሦስት ቀን ምነው በየዘመኑ ተደግሞ በነበር እላለሁ።

ዲዮናስዮስ ስለ ራእዩ መጽሐፍ የያዘው አቋምም ደፋር ነበር። ሰዋስውንና አነጋገርን ከዮሐንስ ወንጌል ጋር አነጻጽሮ ጸሐፊው ሌላ ዮሐንስ ሳይሆን አይቀርም አለ። መጽሐፉን ግን አልጣለም፤ የማልረዳው ጥልቀት ቢኖርበት ጉድለቱ የእኔ ነው በማለት በእምነት ተቀበለው። በምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ክርክሩ ቀጠለ፤ የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ በቆጠራቸው መጻሕፍት ውስጥ ራእየ ዮሐንስ የለም። የአሌክሳንድርያው አትናቴዎስ በ367 የፋሲካ መልእክቱ ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት መካከል ቆጠረው። አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለእኛ የሾመ ነው።

የአቡሊዲስ ሦስት መቶ ዓመት ግን መሸርሸሩን አላቆመም። በአራተኛው መቶ ዘመን አውሳብዮስ የዘመን መዝገብ ሲያዘጋጅ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለውን ዕድሜ ወደ 5200 ገደማ አወረደው፤ በምዕራብም ይህ ቆጠራ በጀሮም ትርጉም አማካይነት ተስፋፋ። ስድስተኛው ሺህ በዚህ ሒሳብ ሦስት መቶ ዓመት ወደፊት ተገፋ። በ410 ሮማ በአላሪክ ስትዘረፍ ግን ለብዙዎች ከቁጥር ይልቅ ጭሱ ይናገር ነበር።

ያኔ ነው የሂጶው አውግስጢኖስ የተነሣው። በ426 ገደማ በጨረሰው መጽሐፉ፣ በወጣትነቱ እሱም በምድር ስለሚሆን የሺህ ዓመት ዕረፍት ያምን እንደነበር ይናገራል። ኋላ ግን ሺሁ ዓመት ከክርስቶስ መምጣት ጀምሮ ያለው የቤተ ክርስቲያን ዘመን ነው አለ። በዳልማጥያ ያለች የሳሎና ጳጳስ የሆነው ሔሲኪዮስ ምልክቶቹ እየተፈጸሙ ነው ብሎ ሲጽፍለት አውግስጢኖስ በ419 አካባቢ ረጅም መልስ ላከለት። ወንጌል ለሕዝብ ሁሉ ተሰብኳል ለሚለው መልሱ ከቤቱ ደጃፍ የተወሰደ ነው፤ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ገና ወንጌል ያልሰሙ ነገዶች አሉ አለው። ከዚያም ጌታቸውን የሚጠብቁ ሦስት አገልጋዮችን አቆመ። አንዱ ቶሎ ይመጣልና እንትጋ ይላል። ሌላው ይዘገያል፣ ግን እንትጋ ይላል። ሦስተኛው መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፣ እንትጋ ይላል። የመጀመሪያው የተናገረው ሳይሆን ቢቀር ሰሚዎቹ ጭራሽ አይመጣም ብለው እንዳያስቡ አውግስጢኖስ ይፈራል። የጳንጦሱን አለቃ ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ ፍርሃት ባዶ አይደለም። አውግስጢኖስ ራሱ ከሦስተኛው ጋር ቆመ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ ምክንያቱም አቡሊዲስ የደመረው አምስት ተኩል ከማንም በላይ የኖረው በእኛ ዘንድ ነው። በገድለ አዳም እግዚአብሔር ለአዳም የገባለት ቃል ኪዳን አምስት ቀን ተኩል ነው፤ ይኸውም 5500 ዓመት። በአሌክሳንድርያ ሊቃውንት እጅ የተስተካከለው ቆጠራ ወደ ባሕረ ሐሳባችን ገብቶ ዓመተ ኩነኔ እና ዓመተ ምሕረት ተብሎ ተከፈለ። ዕንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ የሚታወቀው በዚሁ ነው። 2017 ዓመተ ምሕረትን ብንወስድ 5500 ተደምሮበት 7517 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነው ይባላል።

በዚህ ቆጠራ ስድስተኛው ሺህ የሞላው በእኛ 500 ዓ.ም. ነው። ያ ዘመን በአክሱም የትርጉምና የመገልበጥ ዘመን ነበር፤ ተሰዓቱ ቅዱሳን የመጡትም በዚያ ግድም እንደሆነ ይነገራል። በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የብራና ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ መሆናቸው ታውቋል። መጽሐፈ ሔኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። በሒፖሊጦስ ስሌት ዓለም ልታልፍበት በሚገባት ዘመን አካባቢ የሰሜን ተራሮች ሰዎች ፍየል እያረዱ ብራና ይዳምጡ ነበር።

ሰባተኛው ሺህ ደግሞ በ1500 ዓመተ ምሕረት ሞላ። ዐፄ ናኦድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያሳየው ፈጣሪውን ለመነ ይባላል፤ የሞተውም በዚያው ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። ልጁ ልብነ ድንግል ነገሠ። በ1521 ዓመተ ምሕረት የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ፤ ቀጥሎ የመጣውም እሳት ብዙ አድባራትን በላ። ከስምንተኛው ሺህ ምን ይጠበቃል የሚለው ስጋት በዚያ ትውልድ ልብ እንዴት ሥር እንደሰደደ መገመት አያዳግትም፤ ዛሬም ልጅ አባቱን ሲደፍር፣ ክፉ ዘመን ሲመጣ «ስምንተኛው ሺህ» እንላለን። በሞስኮም ተመሳሳይ ነገር ነበር። የእነሱ ቆጠራ እስከ ክርስቶስ 5508 ስለሆነ 7000 የሞላው በ1492 ነው፤ የፋሲካ ሠንጠረዣቸውም በዚያ ዓመት ላይ ያበቃ ነበር። ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ለስምንተኛው ሺህ አዲስ ሠንጠረዥ ማውጣት ግድ ሆነበት።

የእኛ ባሕረ ሐሳብ ግን መቋጫ ዓመት ተደርጎለት የተሠራ አይደለም። ዐቢይ ቀመሩ በየ532 ዓመቱ ወደ መነሻው እየተመለሰ ይዞራል፤ ሰባተኛው ሺህ ሲያልቅ የሚጎድል ገጽ አልነበረውም። ከዐፄ ናኦድ ሞት በኋላ በመጣው መስከረም ዓመተ ዓለሙ 7001 ነበር። ለአራት ሲካፈል አንድ ተረፈ፤ ዘመኑ ማቴዎስ ሆነ፤ የዐቢይ ጾም መግቢያም እንደ ወትሮው ተሰልቶ ወጣ።